የልብስ ሰፊዋ የአዝራር ጣሳ

ጡረታ የወጡት መምህርና ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ የገቡት እየተነታረኩ ነው፤ ንትርካቸው ግን ግማሹ በወረቀት። መምህሩ ጉሮሯቸው ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ድምፅ የላቸውም፤ የሚሉትን በኪስ ደብተር ይጽፋሉ።

«ልጄ፣» አሉ እትዬ፣ ሃርድ ዲስኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «ለልጅ ልጆቹ ተረት ያነበበው እዚህ ውስጥ ነው። ድምፁ ሌላ ቦታ የለም። እሱ ደግሞ የላፕቶፕ ቻርጀር ሰክቶበት አቃጠለብኝ!»

መምህሩ ጻፉ፦ «ቀዳዳው ልክ ነበር።»

«የኔ ጫማስ ልክህ ቢሆን ታደርገዋለህ?»

ዲስኩን ገልብጬ አየሁት። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ቦርድ አዲስ ነው። ኮረንቲ ሰጥቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ የለመድኩት በማዳመጥ ነው። ይሽከረከራል፤ ግን ቤቱ ጠፍቶበት የሰው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ቦርዱን ማን ቀየረው?»

መምህሩ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ጻፉ፦ «እኔ። ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው።»

«አሮጌውስ፣ ጋሼ?»

በትንንሽ ፊደል ጻፉ፦ «ጣልኩት።»

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? አሮጌው ቦርድ ላይ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቺፕ አለች፤ የዚያን ዲስክ ጠባይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ወደ አዲሱ ቦርድ ካልተዛወረች ዲስኩ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ የባላቸውን እጅ ያዝ አደረጉ። እኔም በልቤ ‹አንተው ታውቃለህ› አልኩ።

ድንገት እትዬ ቀና አሉ። «ቆይ፣ ያ አንድ ጥጉ የጠቆረው?»

መምህሩ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱማ አዝራር ጣሳዬ ውስጥ ነው!»

መምህሩ እየተቻኮሉ ጻፉ፦ «ከቆሻሻ ቅርጫት ትለቅማለች። አርባ ዓመት ተይ አልኳት።»

«ምን ይታወቃል፣ ያምራል ብዬ ነዋ!»

ቤታቸው ሩቅ አልነበረም። ጣሳውን አምጥተው ሲገለብጡት ጠረጴዛዬ በአዝራር ተሞላ፤ ከመሀሉ ቦርዱ ወጣ። ጥጉ ከስሏል፤ ቺፗ ግን ደህና ናት። ትንፋሼን ይዤ በሙቅ አየር አነሳኋት፣ አዲሱ ላይ በየድኳት። ከዚያ ኮረንቲ ሰጥቼ እንደገና ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ዝም አለ» አሉ እትዬ በፍርሃት።

«የምፈልገው ዝምታ ይሄ ነው፣ እትዬ። ተመስገን።»

የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ። ወፈር ያለ የወንድ ድምፅ ስለ አንዲት ብልጥ ጥንቸል ማንበብ ጀመረ፤ ወዲያው አቋርጦ፦ «አንቺ! እየቀዳሁ ነው፣ ያን ጣሳ አታንኳኪብኝ! ጣይው ብዬሽ አልነበር?» አለ። ልጆች በሳቅ ፈነዱ።

እትዬ ባዶውን ጣሳ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቀሩ። «ድገመው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው።

መምህሩ ደብተራቸውን አወጡ፤ ብዙ አሰቡና አንድ መስመር ጽፈው ለባለቤታቸው ብቻ አሳዩ። እትዬ አነበቡት። ገጹን ገነጠሉ፣ አጣጠፉና ጣሳው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ አዝራሮቻቸውን እየለቀሙ ከላዩ መለሱበት።