ከነሥሩ

ታላቅ ወንድሜ ከገደል ወድቆ በሞተ በሳምንቱ ቦርሳውን አስረከቡኝ። የምንሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱ ከተራራ የሣር ሜዳ ዕፅዋት ይሰበስባል፣ እኔ አድርቄ ስማቸውን እለያለሁ። ገደል ስለማይፈራ ባልደረቦቻችን ፍየሉ ይሉት ነበር። ቦርሳው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ተክል አለ፣ ከነሥሩ። ሁለት ሳምንት ሳልነካው ተቀመጠ።

አላለቀስኩም። በቀብሩ ዕለት ዘመዶች ልበ ደንዳና አሉኝ፤ ይበሉ። እማዬ ግን ከሥራ በገባሁ ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፦ ልጄ የሞተበት ሣር ምንድን ነው? ተራ ነገር ከሆነ በምን አፌ እነግራታለሁ?

ዛሬ ጠዋት ፈታሁትና አጉሊ መነጽሩን አመጣሁ። ሥሩ ወፍራም ነው፤ አናቱ ላይ ያለፉት ዓመታት ግንዶች ጠባሳ ተደራርቧል። ስምንት ቆጠርኩ። ዓመት ዓመት ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው፣ ተራራውን ሁሉ የሞላው፣ እኛም ዘንድ አርባ ናሙና ያለው ተክል ነው። እኔ የጠረጠርኩት በአንድ ክረምት በቅሎ የሚሞተውን፣ በአገራችን ታይቶ የማያውቀውን ዘመዱን ነበር።

ቀጥዬ የመጀመሪያውን ናሙና ከመደርደሪያ አወረድኩ። ወንድሜ ከወር በፊት ሥሩን ትቶ ከላይ ቆርጦ ያመጣው ነው። ያን ቀን “ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ” ብዬ ስቄበት፣ ሥሩን ካላየሁ ስም አልሰጥም ብዬ መልሼ ላክሁት። አሁን ሳየው ከግንዱ ግርጌ፣ እኔው ከለጠፍኩት ማጣበቂያ ሥር፣ የአምና ቅጠል ደረቅ ቅሪት አለ። ተክሉ ከአንድ ክረምት በላይ እንደሚኖር ለማወቅ እሱ ብቻ ይበቃኝ ነበር። በእርሳስ ስሙን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ምሳዬን በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ቤት ስገባ እማዬ የወንድሜን ሸሚዞች እያጠፈች ነው። ተራ ተክል ነው አልኳት። ሥሩን አምጣ ብዬ የላክሁት እኔ እንደሆንኩ፣ መላኩም እንዳላስፈለገ ነገርኳት።

“መላክሽንማ ነግሮኛል” አለች፣ ከሸሚዙ ቀና ሳትል። “‘ካላመጣሁላት ስትስቅብኝ ልትከርም ነው’ ብሎኝ ነው የወጣው።”

“ታዲያ በየቀኑ ለምን ትጠይቂኛለሽ?”

“ራስሽ እስክትነግሪኝ ነዋ። እኔ ካነሣሁት አንቺንም አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።”