ሲወርድ ተመስገን ያልኩለት ቁጥር

ቁጥር ድሮም አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በላውንደሪ ቤት አንሶላ ስተኩስ የኖርኩ ሰው ነኝ። በየአንሶላው ጥግ የተሰፋውን ቁጥር አይቼ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ እለያለሁ፤ አንድም ቀን አሳስቼ አላውቅም። ፊደል ግን አልቆጠርኩም ነበር። ስለዚህ ልጄ ታማ ከሐኪም ቤት ሰማያዊ ደብተር ሲሰጡን፣ በውስጡ ከተጻፈው የሚገባኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር።

ልጄ አንድ ሱቅ ውስጥ መነጽር ትሸጥ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር አየሁ።

«ማን ነው የመታሽ?» አልኳት።

«የሱቁ በር» አለችኝ።

በሳምንቱ ጭኗም በለዘ። ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር ድዷ ይደማ ጀመር። በር እንዲህ አድርጎ አይመታም ብዬ እየጎተትኩ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከዳሌዋ አጥንት በመርፌ ቀድቶ አስመረመረና መቅኒዋ ደም መሥራት እያቆመ ነው አለን። የሌላ ሰው መቅኒ ቢገጥምላት ይሻላት ነበር። እህት ወንድም የላትም። የእኔን መረመሩት፤ አልገጠመም። ያ ሁሉ ሰው «ቁርጥ እናቷን» ሲለን ኖሮ!

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መመላለስ ሆነ። ደም ይቀዳላታል፣ ሲስተሯ ውጤቱን ደብተሩ ላይ ትጽፋለች፣ ሲያስፈልጋትም ደም ይሰጧታል። እኔ ሐኪም ፊት ስቀርብ አፌ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ እሷ ብቻዋን ትገባለች፣ እኔ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ቦርሳዋን ታቅፌ እጠብቃለሁ። ስትወጣ ደብተሩን ቀምቼ ቁጥሩን አያለሁ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ስልሳ አንድ ይላል። የሚቀጥለው አርባ ስምንት።

«ቀነሰ እኮ!» አልኩ።

ልጄ ደብተሩን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ሳቅ ብላ፣ «እማ ደግሞ! ይሄ እኮ የበሽታው ቁጥር ነው። ሲቀንስ ነው ጥሩ» አለችኝ።

«እውነትሽን ነው?»

«ምን አስዋሸኝ?»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ተመስገን አልኩ። ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ አቅፌ ሳምኳት። በማግስቱ ገና የላውንደሪውን በር ሳልፍ አጣቢዋን ጓደኛዬን፣ «አርባ ስምንት ገባልኝ!» አልኳት። እሷም እጇን ከአረፋው አውጥታ እልል አለችልኝ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ጠዋት ሥራ የሚጀመረው በዚሁ ነው። «ዛሬስ ስንት ገባ?» ትለኛለች። «ሠላሳ አንድ!» እላታለሁ። «ሃያ ሁለት!» እላታለሁ።

ሰው ይጠይቀኛል፤ እንዴት አልጠረጠርሽም? ጠርጥሬማ ነበር። «ፊትሽ ለምን ይገረጣል?» ስላት «መድኃኒቱ ነው» ትለኛለች። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ሲያጥር «መድኃኒቱ ነው» ትለኛለች። እናት የምትፈልገውን ስትሰማ ጆሮዋ ሌላ አይቀበልም።

የጎልማሶች ትምህርት ቤት እንድገባ ያደረገችኝ እሷው ናት። ገና በታመመች በወሩ ደብተርና እርሳስ ገዝታ መጣች።

«በስተርጅና?» አልኳት።

«ሁልጊዜ እኔ ነኝ እንዴ የማነብልሽ? ነገ ባል አግብቼ ብሄድስ?»

«ባልሽን እጎልተዋለሁ፣ ሲያነብልኝ ይውላል» አልኳት። ሳቅን። ግን ሄድኩ፤ ለእሷ ስል።

አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚቆጡኝ በአንድ ነገር ነው። ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። «እመቤት፣ በዓይን ነው የሚነበበው! ሰው ሲያይሽ የምትጸልዪ ይመስለዋል» ይሉኛል። እኔ ግን ፊደሉን በከንፈሬ ካልያዝኩት ያመልጠኛል።

አምስተኛው ወር ላይ፣ እንደ ልማዴ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ ግድግዳ ላይ ስለ ደም የሚያስረዳ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ለወራት ያየሁት ሥዕሉን ብቻ ነበር፤ ቀይ ክብ፣ ነጭ ክብ፣ ትንንሽ ፍርፋሪ የሚመስል ነገር። የዚያን ቀን ጊዜውን ልግደልበት ብዬ ከፍርፋሪው ሥር ያለውን ጀመርኩት። ፕ፣ ላ፣ ት፣ ሌ፣ ት። ፕላትሌት። ደም፣ እንዳይፈስ፣ ያደርጋል። ሲቀንስ፣ ሰውነት፣ ይበልዛል፤ ድድና፣ አፍንጫ፣ ይደማል።

ክው አልኩ። ያንን ቃል የት ነው የማውቀው? እስካለፈው ሐሙስ የተጻፈበት ደብተር ሞልቶ ቦርሳዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ለዚያ ቀን ሲስተሯ አዲስ አውጥታላታለች። ገለጥኩት። ፕ፣ ላ፣ ት፣ ሌ፣ ት፣ ስልሳ አንድ። ፕላትሌት፣ አርባ ስምንት። ፕላትሌት፣ ሠላሳ አንድ። ፕላትሌት፣ ሃያ ሁለት። እያንዳንዱን ተመስገን ብዬበታለሁ። እያንዳንዱን አስጨፍሬበታለሁ። የልጄ ደም እያለቀ እልል አስብያለሁ።

ቀና ስል ልጄ አፍንጫዋ ላይ ጥጥ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነው።

ደብተሩን ቶሎ ከድኜ፣ «ስንት ገባ?» አልኩ፤ እንደ ወትሮው።

«ዘጠኝ።»

«ተመ...» ብዬ ጀመርኩ። ቀሪው አልወጣም።

አጠገቤ ተቀመጠችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። «ፈጠንሽብኝ እማ» አለች። «ፊደሉ ከባድ ነው፣ ዓመት ይፈጅባታል ብዬ ነበር።»

«ለምን እንዲህ አደረግሽኝ?»

«በሳምንት አንዴ የምትስቂው ያኔ ነበር። እኔም እዚያ መርፌ ሥር የምተኛው፣ ስወጣ እሱን አያለሁ እያልኩ ነው።»

«ትምህርቱስ? እንዳላነብ ከፈለግሽ ለምን አስገባሽኝ?»

ጥጡን ከአፍንጫዋ ላይ አንስታ አየችው፣ መልሳ ያዘችው። «በኋላ ማን ያነብልሻል?» አለችኝ።

በማግስቱ አጣቢዋ «ዛሬስ ስንት ገባ?» አለችኝ። ካውያውን አስቀምጬ ነገርኳት። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ቆማ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ልጄ ከሐኪም ቤት አልወጣችም። የሚሰጧት ደም ገብቶ አይበረክትም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኗም ደም ቋጠረና ማየት አስቸገራት። ሲስተሯ ጽፋ ስትወጣ፣ «እማ፣ አንቺ አንብቢልኝ። ስንት ገባ?» አለችኝ።

ደብተሩ ላይ ያለው ሁለት ነው።

«ፕ፣ ላ፣ ት፣ ሌ፣ ት» አልኩ። «ዘጠና አራት።»

የደረቀ ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ መጣ። «እማ፣ ማንበቡ ላይ ገና ነሽ።»

«ገና ነኝ። ተነሺና አስተምሪኝ።»

እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ አንሶላዋን ልቀይርላት ወገቧን ደግፌ ሳለሁ አረፈች። አንሶላውን ለማንም አልሰጠሁም። ራሴ አጠብኩት፣ ራሴ ተኮስኩት።

ትምህርት ቤት የተመለስኩት ሁለት ወር ቆይቼ ነው። ስልችት እያለኝ ነው የሄድኩት፤ ግን ደብተሩን የገዛችው እሷ ናት። አስተማሪው አንድ ገጽ ሰጥተውኝ አነበብኩ። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ጎበዝ! ከንፈርሽ መንቀሳቀሱን ተወ እኮ» አሉኝ።

እኔ አላወቅሁም ነበር። እጄን ወደ አፌ አነሳሁ።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ከንፈሬ እንዲህ ቢያርፍልኝ ኖሮ ልጄ አትነቃብኝም ነበር። ተመስገን እላት ነበር፤ ጨርሼ።