ለአንድ ቀን ያዋስኳት ምንሽር

ተስፋው የጡት ልጄ ነው። ወላጆቹን ቀብሮ ከአበርገሌ ሲመጣ ዘመድ የሚለው አልነበረውም። ጡቴን ማር ቀብቼ በሽማግሌ ፊት አጠባሁት፤ ያኔ ጢሙ ያቆጠቆጠ ጎረምሳ ነበር። ዛሬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ወንበሩ ላይ ያወጣውም «የደመቀች ልጅ» መባሉ ነው፤ ይካድ እንደሆነ ይካድ።

ከመንደራችን በላይ ያለውን ጋራ በየተራ እንጠብቃለን፤ ከብት የሚነዳ ሽፍታ የሚመጣው በዚያ ነው። ጠመንጃ ያለው ቤት ጠመንጃውን ያወጣል፤ የሌለው ጠመንጃውን የሚይዝ ሰው ያወጣል። እኔ ወንድ የለኝም። ባሌ ማንደፍሮ ትቶልኝ የሞተው አንዲት ምንሽር ናት። ተራዬ ሲደርስ ጠመንጃ የሌለው ጎረቤቴ ምስክር እሷን ይዞ ይወጣልኛል።

ባለፈው ኅዳር ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኘን ነው ተባለ። የመንገዱ ድንጋይ ኖራ ተቀባ። እኛ ውሃ ጠምቶን አቧራው ውሃ ጠጣ። ተስፋውም መጣ።

«እማማ፣ ምንሽሯን ያውሱኝ። ለሰልፉ ነው፤ ለአንድ ቀን።»

«ጋራውንስ በምን እንጠብቅ?»

«እንግዳው ያን ሁሉ ወታደር አስከትሎ! ያን ቀን ሽፍታ ዝር አይልም።»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱ ቤትዎ ናት። የጠባሁት ጡት ይፍረድብኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ዋስ አስጠራው ነበር። የጡት ልጅን ዋስ ጥራ ማለት ግን ራስን መስደብ ነው። ወልውዬ ሰጠሁት።

የጉብኝቱ ቀን እኛን አሮጊቶችን ከፊት አቁመው እልል በሉ አሉን። እንግዳው ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ጀግንነታችንን አወራልን። ቀጥሎ ተስፋው ምንሽሬን ታቅፎ ወጣ።

«ሕዝቡ ለክብርዎ ያበረከተው ስጦታ ነው!» አለ በድምፅ ማጉያ።

እልልታው አፌ ውስጥ ደረቀ። «የምን ሕዝብ? የኔ ናት!» ብዬ ጮኽሁ። ከበሮው ዋጠኝ። አንዱ ጠባቂ «ተረጋጊ እናት» እያለ ትከሻዬን ያዘኝ። የማንደፍሮ ጠመንጃ መኪና ተሳፍራ ሄደች።

በአራተኛው ቀን ከተስፋው ቢሮ ማኅተም ያለው ወረቀት መጣልኝ። ምስክር አነበበልኝ፤ «ዛሬ ተራዎ ነው። ጠመንጃ ስለሌለዎት ሰው ያቅርቡ» ይላል።

የማንደፍሮን ዱላ ይዤ ቢሮው ሄድኩ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሞልተውታል። ተስፋው ሲያየኝ ብድግ አለ።

«እማማ፣ ይቀመጡ! ለመንደሩ ብዬ እኮ ነው፤ መንገድ ሊሠሩልን ቃል ገብተዋል።»

«ሰው አቅርቢ ብለሃል፤ አቅርቤያለሁ።»

«ማንን?»

«ልጄን። ማር ከጡቴ የላሰ ልጅ አለኝ። ተነሥና ጋራውን ጠብቅ።» ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩለት።

«እኔ? በዱላ?»

«ባዶ እጄን ያስቀረኸኝ አንተ ነህ። ወይ ውጣ፣ ወይ እዚሁ ሰው ፊት ልጇ አይደለሁም በል።»

አንገቱን ደፋ። ወረቀቶቹን ሲያስተካክል ቆየና፣ ዓይኔን ሳያይ «ልጅዎ አይደለሁም» አለ።

ዱላዬን አነሣሁና ወደ ጋራው ወጣሁ። ተራው የቤቴ ነበር።