ዓለት አንኳኪው

ድማሚቱ ከፈነዳ በኋላ ሽማግሌው ዓለቱን በመዶሻ ሳያንኳኳ ወደ ገደሉ ሥር የሚገባ ሰው አልነበረም። ጤነኛ ዓለት ጥርት ብሎ ያቃጭላል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ዱም ይላል። ሌሎቹ ሃምሳ እርምጃ ርቀው ቃሉን ይጠብቃሉ። በድንጋይ ካባው ሁሉ «ጆሮ» ይሉታል፤ ሠላሳ ዓመት አንድም ሰው አላስበላም።

ጆሮው ግን ከአምና ወዲህ ከድቶታል። ለማንም አልተነፈሰም። ሌላ ሥራ አያውቅም።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ወጣቱ ኢንጂነር በር ላይ የተተከለውን ሰሌዳ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለሰዎቹ ያስረዳ ነበር።

«ኳሪ ማለት ካባ ነው። ሥሩ የጥንት ላቲን ነው፤ አራት ማዕዘን ከሚለው የመጣ። ድንጋይ ተጠርቦ አራት ማዕዘን የሚሆንበት ቦታ ማለት ነው።»

«እኛንስ ማን ይጠርበን?» አለ አንዱ ቆፋሪ።

«አንተ ጠጠር ነህ፤ ለጥርብ አትሆንም» አለው ጓደኛው።

ሳቁ። ሽማግሌውም አብሮ ሳቀ።

ታናሽ ወንድሙ ሲያየው ቆይቶ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ኢንጂነሩ ምን አለ?»

«ስለ ፈረቃው ነዋ።»

ወንድሙ ፊቱ ጠቆረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሽማግሌው ይህን ከከንፈሩ አነበበው። «ለሰው ከነገርክ የአንድ እናት ልጆች አይደለንም» አለው።

ከቀትር በኋላ ድማሚቱ ፈነዳ። ሽማግሌው ግራ መዳፉን ዓለቱ ላይ አድርጎ መታ። ዓመቱን ሙሉ ያመነው የዓለቱን ንዝረት የሚለየውን መዳፉን ነበር። ዛሬ መዳፉ ምንም አልነገረውም። ደግሞ መታ። ሰዎቹ ይጠብቃሉ።

«ደህና ነው፤ ግቡ» አለ።

ወንድሙ በእጁ ሰዎቹን ከለከለ። «እናንተ ቆዩ፤ እኔ ልቅደም» ብሎ ዲጅኖውን አንስቶ ገባ።

ሽማግሌው ተመለስ ሊለው አፉን ከፈተ። ሰው ሁሉ ያየዋል። አፉን ዘጋ።

ዓለቱ ሲናድ ድምፁን አልሰማም። አቧራውን አየ።

ኢንጂነሩ ሮጦ ደረሰና ትከሻውን ይዞ ወደ ራሱ አዞረው። «ምን ሰምተው ነው ያስገቡት?»

«ምንም አልሰማሁም። ዓመት ሆነኝ።»

የሚዝቁት ሰዎች አካፋቸውን አቁመው አዩት። ከዚያ ወደ ፍርስራሹ ዞሩ። እጁን ዘረጋ፤ አካፋ ያቀበለው ግን አልነበረም።