ነፋሱ ጋብ ሲል እንመጣለን

ይህ ናፍጣ እስከ እሁድ ያደርሰን ይሆን? አኑስካ ከቤቷ ጀርባ ከተቀመጠው ታንከር ውስጥ መለኪያ ዱላውን አወጣችና በጓንቷ ጠርጋ እንደገና ሰደደችው። እርጥቡ ከአራት ጣት አላለፈም። ትናንት አምስት ነበር። ወይስ ዱላውን አጋድማ ስለከተተችው ነው አምስት የመሰላት? ሦስተኛ ልትለካ ስትል ነፋሱ የካፖርቷን ቆብ ከራሷ ላይ ገፈፈው።

"የአክስቴ ልጅ፣ ናፍጣውን እንደ ወጥ ትቀምሽዋለሽ እንዴ?" አለ ጎልጋ ከጀርባዋ መጥቶ። በእኛ ወግ የወንድምና የእህት ልጆች እስኪሞቱ ድረስ ይቀላለዳሉ፤ መቀየም ነውር ነው።

"ዝም በል አንተ። የራስህን ቤት ዘግተህ የሰው ምድጃ የምትሞቅ።"

"ብልህ ነኛ። አንድ ምድጃ ለሁለት ቤት። እንዲህ ያለ ቁጠባ ኩባንያውም አላሰበው።"

አኑስካ አልሳቀችም። ከጎልጋ ትከሻ ባሻገር፣ ከመንደሩ ዳር፣ የነፋስ ተርባይኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ራሱን አጥፍቶ ከቆመ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ሰው የሚጥል ነፋስ ከባሕሩ እየመጣ በሦስቱ ክንፎች መሀል ሾልኮ ያልፋል፣ ክንፎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። ተርባይኑ ሲዞር ከመንደሩ መብራት የሚተርፈው ኃይል በየቤቱ ያለውን የጡብ ምድጃ ያግላል። ጡቡ አንዴ ከጋለ ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል፣ ዋጋውም ከናፍጣው እኩሌታ አይሞላም። ሲቆም የቀረው ናፍጣ ብቻ ነው። ጋሎኑ አሥራ አንድ ዶላር ገብቷል፣ ለያንዳንዱ ቤት በሳምንት ከአምስት ጋሎን በላይ አይሸጥም። ነዳጅ የሚያመጣው መርከብ የባሕሩ በረዶ ሲሰበር፣ ሰኔ ላይ ነው የሚደርሰው። አሁን ገና የካቲት ነው።

ቤት ሲገቡ የአራት ዓመቷ ፓኒግካ ካፖርቷን እንደለበሰች አልጋ ላይ ተቀምጣ ታስላለች።

"ልጄ፣ በረደኝ" አለቻት አኑስካን።

"መጣሁ፣ እማዬ።"

ልጅቷ የተሰየመችው በአኑስካ እናት ስም ነው። የሟች ስም ያረፈበት ልጅ የሟችን ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ትንሿ አያቷን "ልጄ" ትላለች፣ አሮጊቷም የልጅ ልጇን "እማዬ"። አኑስካ ጆሮዋን ከልጅቷ ጀርባ ላይ አስጠጋች። ያው የትናንቱ ፉጨት። የክሊኒኳ ሴት ደጋግማ ነግራታለች፤ ብርድ ከገባት መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም። ወላጅ እናቷ ልትወልድ ተቃርባ ከተማ ሆስፒታል አጠገብ ሰንብታለች። በሚቀጥለው ወር ጨቅላ ይዛ ትመጣለች። ወደዚህ ቤት።

የአኑስካ ልጅ ኤቮን የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ከኩባንያው አለቃ ጋር በስልክ ያወራል። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቶታል። የመንደሩን ጄኔሬተርና ተርባይኑን የሚጠብቀው እሱ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ተርባይኑን የተከለው ኩባንያ ሲሆን በዚህ ቤት ከዚያ ሌላ ደመወዝ የለም።

"የተርባይኑን ሳጥን ልክፈተውና ማብሪያውን ልመልሰው፣ ሚስተር ኮልዌል። አምና እናንተው በስልክ እየመራችሁኝ ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ።"

"አምና ሌላ ውል ነበር። አሁን እሽጉን ከኛ ቴክኒሻን በቀር ማንም አይነካም። አንተ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልሃል። ሁለተኛው ስንብት ነው፣ ታውቀዋለህ።"

"ቴክኒሻኑ ታዲያ የት አለ?"

"ተመድቧል። አውሮፕላኑ ነው በነፋሱ ምክንያት ማረፍ ያቃተው። ነፋሱ ጋብ ሲል እንመጣለን።"

አኑስካ ከአልጋው ጫፍ ተነስታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "ነፋሱ ጋብ ካለ ምን ሊያዞረው ነው?"

ሰውዬው ጠየቀ፤ "ማን ናቸው?"

"እናቴ ናት" አለ ኤቮን።

"እናት፣ ችግራችሁ ይገባናል። እስከዚያው ልብስ ደረብ ማድረግ ይረዳል።"

"ስንት?"

"ምን ስንት?"

"ስንት ልደርብ? እኔ ሦስት ሹራብ ለብሻለሁ። ልጅቷ ካፖርቷን ለብሳ ነው የምትተኛው። ቁጥሩን ንገረኝና ሞልቼው ልረፍ።"

"ለኔም ጠይቂልኝ" አለ ጎልጋ። "እኔ ሱሪ ላይ ነው ያጠረኝ።"

ሰውዬው አስተያየታቸውን እንደሚመዘግብ ተናግሮ፣ መልካም ቀን ተመኝቶ ስልኩን ዘጋ።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ ቴክኒሻኑ ሲመጣ የአውሮፕላን ኪራዩንም የቀን አበሉንም የምንከፍለው እኛው መሆናችን ነው። አንድ ማብሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ ሊያደርግ። መሬቱ የኛ፣ ነፋሱ የኛ፣ የልጅቷ ሳል የኛ። እነሱ በአዲሱ ውል ያመጡት አንድ ክር የምታህል ሽቦ ነው፣ እሷን አስረው ነፋሳችንን አሸጉት።

ኤቮን ካፖርቱን ከግድግዳው አወረደ።

"የት ልትሄድ?" አለች አኑስካ።

"የምሄድበትን ታውቂያለሽ።"

"አትሄድም። ሚስትህ አራስ ሆና ስትመጣ በምን ልታሞቃት ነው? በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ?"

"እማ፣ ልጄ ትንፋሽ ሲያጥራት ቁጭ ብዬ ልይ?"

"እኔስ የማየው ምን መሰለህ?"

ኤቮን ካፖርቱን እንደያዘ ቆየና ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

"የቀጠሩህ እንድታየው ነው እንጂ እንድትነካው አይደለም" አለው ጎልጋ። "እንዲህ ያለ ሥራ ማን ይለቃል? እኔ ብሆን ወንበር ይዤ ሄጄ ፊት ለፊቱ እቀመጥ ነበር።"

ፓኒግካ አሳለች፤ በዚህኛው ትንፋሿን ለመመለስ ብዙ ቆየች። አኑስካ ጀርባዋን እየደባበሰች እስክትተነፍስ ጠበቀች። ከዚያ፣ አሁንም የተቆጣች ይመስል፣ ልጇን ሳታየው ጠየቀችው።

"ለመሆኑ ያን ያህል ከባድ ነገር ነው?"

"ምኑ ይከብዳል። ሽቦውን መቁረጥ ነው። በሩን ከፍቶ ቀዩን ማብሪያ ወደ ታች። እስከ ስልሳ መቁጠር። ከዚያ ወደ ላይ።"

"ክንፉ ሰው አይመታም?"

"ክንፉ ሰማይ ላይ ነው፣ እማ። የማብሪያው ሳጥን ከሥር ነው፣ በቁመትሽ ልክ።"

"መብራቱስ ቢይዝ?"

"ጓንት ካደረግሽ…" ብሎ ቆመ። ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። "ጓንት ያደረገ ሰው ምንም አይነካውም።"

አኑስካ ደብዳቤውን ደጋግማ አንብባዋለች፤ ጭንቀታም ስለሆነች በቃሏ ትወጣዋለች። "ሠራተኛው" ይላል፣ "ሠራተኛው እሽጉን ከከፈተ"። እሷ ዓሣ ከማድረቅና ልጅ ከማሳደግ በቀር የማንም ሠራተኛ ሆና አታውቅም። ግን ቢበላሽስ? መንደሩን ቢከሱስ? ፍርድ ቤት ከተማ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ አውሮፕላን ላይ አውጥተው ቢወስዷትስ? እጇ ከልጅቷ ጀርባ ላይ ሳይነሳ ከሥሩ ያቺ ፉጨት ወጣች፣ ገባች።

ልጅቷን ብርድ ልብስ ደርባላት ተነሳች።

ኤቮን ከሳጥኑ ላይ ተነሳና ጀርባውን ሰጥቷት ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ። አኑስካ ሳጥኑን ከፍታ ፒንሳውን አገኘች። ጎልጋ የገዛ ጓንቱን አውልቆ ዘረጋላት፤ ከእሷ ጓንት ይወፍራል።

በእሷ ጓንት ላይ ደርባ አጠለቀችው። ቆቧን እስከ ቅንድቧ ጎትታ በትከሻዋ በሩን በነፋሱ ላይ ገፍታ ወደ ተርባይኑ አመራች።