ባጃጁ እስኪያልፍ

«ልጇን ሳታገኘው ልትሞት ነው ማለት ነው?» አለች አንዷ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና።

«እንጃ። መጨረሻው አልወጣም እኮ» አለች ሌላዋ። «እሷ መርከቡ ላይ ወጣች፤ እሱ ወደቡ ላይ ቆሟል። እዚያ ላይ ሲደርስ አለቀ።»

«ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፣ እናንተዬ!»

ዘሪቱ ፍራሹ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች ሰማቻቸው። መጀመሪያ ስለ እሷ የሚያወሩ መስሏት ነበር። ልጇን ሳታገኘው የምትሞት ሴት በዚህ ቤት ሌላ ማን አለ? መርከብ ሲሉ ነው የገባት። ልጇ ምስጋናው ሲተረጉመው ስለነበረው፣ መጨረሻውን ሳያደርስ ስለሞተበት ተከታታይ ፊልም ነው የሚያወሩት። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣም። ከትናንቱ ቀብር ጀምሮ ምንም ነገር አልመጣላትም። እንባ እንኳን።

ይህንንም ሲንሾካሾኩበት ሰምታለች። «እንባ ጠብ አላላትም እኮ። እንዲህ ደርቆ የሚቀረው ነው የሚያስፈራው።»

እሷ ግን ለቅሶዋን ቀድማ የጨረሰች ይመስላታል። ምስጋናው ስልክ ባላነሳ ቁጥር ቀብራዋለች። በሚኒባስ ወደ አማኑኤል ከተማ ሲሄድ መኪናው ሲገለበጥ በዓይኗ አይታለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ ወስዶታል። ሆዴን ቆረጠኝ ባለ ጊዜ ሐኪሙ ከሚናገረው በፊት እሷ በልቧ ደረቷን መትታ ጨርሳለች። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሥራዋ ሁሉ ክፉውን ቀድሞ መጠበቅ ነበር። ቀድማ ከጠበቀችው የማይመጣ ይመስላት ነበርና።

የወሰደው ግን መኪናም ወንዝም አልሆነም። መናኸሪያው አጠገብ በተከራያት የሥራ ክፍል ለብቻው ሲያመሽ፣ ለብርዱ ያቀጣጠለው ከሰል አፈነው። ጠዋት በሩን የከፈተው የሥራ ጓደኛው ደመላሽ ነው፤ ማይክራፎኑ ፊት ጠረጴዛው ላይ አንገቱን ደፍቶ አገኘው። ከሰሉንም ነግራው ነበር። «ከሰል ካለ መስኮት ይከፈት» ያላለችበት ክረምት የለም። ግን ስለ ውሃው፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ሰው ዓይን፣ ስለ ሁሉም ነግራዋለች። ከዚያ ሁሉ መካከል እውነተኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በምን ይወቅ?

ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። የሰፈሩ ዝምታ ግን ከልማዱም በላይ ነበር፤ ያመጣችውም ራሷ ናት።

ምስጋናው የትርጉም ፊልም ድምፅ ነበር። የውጭ አገሩን ፊልም ወስዶ ሰዎቹን ሁሉ ብቻውን በአማርኛ ያናግራቸዋል፤ ሽፍታውንም፣ ሙሽራዋንም፣ ዳኛውንም፣ የዳኛውን ሚስትም። ፊልሙ በፍላሽ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ይጁቤ ይደርሳል፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ሞባይል ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ሰው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ይጮኻል። ትናንት ከቀብር ሲመለሱ ከአንድ ሱቅ ውስጥ «አንተን ሳልገድል አልሞትም!» የሚል ድምፅ ወጣ። የሱ ድምፅ ነው። ሬሳውን አፈር አልብሳ ከመጣች ገና ሰዓት አልሞላም። እግሯ ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ። ሴቶቹ በብብቷ ይዘው ባይጎትቷት እዚያው ትቀር ነበር።

ቤት እንደገባች የእድሩን ዳኛ አቶ ኃይለ ሚካኤልን አስጠራች። «እስከ አርባው ድረስ ድምፁ በዚህ ሰፈር እንዳይሰማብኝ» አለቻቸው። «ልቤ ይቆማል።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል የተነገራቸውን የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ይዘው ከሱቅ ሱቅ፣ ከባጃጅ ባጃጅ ዞሩ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ዘፈን የሚከፍቱትም አብረው ጸጥ አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ካርታውን ሲጥሉ እንኳን ቀስ አድርገው ነው።

እና አሁን፣ በዚህ ሁሉ ጸጥታ መካከል፣ ዘሪቱ አንድ ነገር ደረሰባት። የልጇን ድምፅ አጣችው። ልታስታውሰው ስትሞክር የሽፍታው ይመጣል፣ የሽማግሌው ይመጣል፣ ያቺ የምትቅለሰለሰው ሙሽራ ትመጣለች። እሱ ራሱ ጠዋት ተነስቶ «እማዬ፣ ካልሲዬን አየሽው?» ሲል እንዴት ነበር? ቃሉ አለ፤ ድምፁ የለም። ስትጠብቀው በኖረችው ክፉ ነገር ሁሉ ውስጥ ይሄ አልነበረም።

ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ ቪዲዮ ቤት እንዳይገባ ከልክላው ነበር። «ያ ቤት በሩ አንድ ነው። እሳት ቢነሳ በየት ትወጣለህ?» ትለዋለች። እሱ ታዲያ ከውጭ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያይና ይመጣል። እሷ ምስር ስትለቅም ፊት ለፊቷ ይቆምና ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጫወትላታል። ሰውየው ሲወድቅ ይወድቃል፤ ፈረሱ ሲያነክስ ያነክሳል። «ቆይ፣ ሞተ እንዴ?» ትለዋለች፣ ምስሩን ከነድንጋዩ ወደ ድስቱ እየጨመረች። «ኧረ አልሞተም እማዬ! አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሞተ ነው የምትይው!»

አድጎ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ ያንኑ ጨዋታ እንጀራው አደረገው። እሷ ግን የቢሮ ሥራ እስኪያገኝ ነው ብላ ጠበቀች። የሠራውን አንድም ቀን ቁጭ ብላ አላየችለትም። ቢሳሳትስ? ሰው ቢስቅበትስ? ሥራ ክፍሉን አንድ ጊዜ ብቻ አይታዋለች፤ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው ሁሉ በስፖንጅ ፍራሽ ተለብዷል። «ይሄ ቤት አየር አለው?» ብላ ስትጠይቀው፣ «ይሄ ቤት አየር አለው?» ብሎ ልክ በሷ ድምፅ መለሰላት፤ ደመላሽ በሳቅ ወንበር ይዞ ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ገቡ። ቆባቸውን አስተካክለው አጠገቧ ተቀመጡና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ዘሪቱ ልጄ፣ ኃጢአቴን ልንገርሽ።»

«ምን አደረጉ፣ እማሆይ?»

«ያንን ፊልም አያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ግድግዳችን እኮ የጭቃ ነው።»

እማሆይ ደነገጡ። «ጸሎቴን ሳላደርስ አይቼ አላውቅም። ቶሎ ቶሎ እለው ይሆናል እንጂ።» ሰፌዱን ወደ ዘሪቱ ገፋ አደረጉት። «ያቺ መርከብ ላይ የወጣችው እናት… አንቺን ናት።»

«ፈረንጇ?»

«መልኳ አይደለም፤ አነጋገሯ። ልጇ ከቤት በወጣ ቁጥር ‹ደርብ፣ ደርብ፣ ነፋሱ ከጮቄ ነው የመጣ› ትለዋለች።»

«ፈረንጅ አገር የጮቄ ተራራ አለ እንዴ?»

«እሱን እኔ በምን አውቄ! ብቻ አንቺ በግድግዳው የተቆጣሽኝ እየመሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደርገው ነበር።» እማሆይ ፈገግ ብለው ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አገሩ ሁሉ ይወድሻል፣ ልጄ። ማን እንደሆንሽ ሳያውቅ።»

ዘሪቱ ንፍሮውን አየችው። አንዷን ፍሬ አንስታ በጣቶቿ ስታሻት ቆየች፤ መልሳ አስቀመጠቻት።

በማግስቱ የሰልስቱ ለቀስተኛ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ንፍሮውን ቀምሶ፣ «እግዜር ያጥናሽ» እያለ ተበተነ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ማፍረስ ጀመሩ። ደመላሽ ገመድ እየፈታ ነበር። እነዚህን ቀናት ሁሉ ደጅ ነው የዋለው፤ ወንበር ደርድሯል፣ ውሃ ቀድቷል፣ እንጨት ፈልጧል። ቤት ውስጥ ግን እግሩ አልገባም። ዘሪቱ ከበሩ ላይ ሆና ጠራችው።

«ደመላሽ፣ ና እስቲ።»

መጣ፤ ደፉ ላይ ቆመ። ከንፈሩ በብርዱ ተሰነጣጥቋል።

«ድምፁ አለህ?»

«ፊልሞቹ አሉ፣ ማዘር።»

«የፊልሙን አይደለም። እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ሳይሆን፣ እንደ ራሱ ሆኖ የተናገረበት።»

ደመላሽ መሬት መሬቱን አየ። «የመጨረሻው ቀን የቀረጸው አለ። ገና አልተስተካከለም። ሲሳሳትም፣ ሲስልም፣ ሁሉም አለበት።» ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። እጁ ውስጥ ይዞት የሰነበተ ይመስላል። «ግን ማዘር… ባይሰሙት ይሻላል።»

«ለምን?»

ፍላሹን በጣቶቹ መሃል አገላበጠው።

ክፉውን ቀድማ ማሽተት የለመደች ሴት ናትና፣ በዚህ ፍላሽ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ወዲያው ገባት። ድሮ ቢሆን ትሸሸው ነበር። አሁን የምትፈራው ነገር ፈልጋ አጣች። ድምፁን ከማጣት የሚብስ ምን ይኖራል? ወደ ተሸፈነው ቴሌቪዥን ዞረች። ፍራሹ ላይ የቀሩት ዘመዶቿ ቀና ብለው አዩዋት።

«እዚህማ አይሆንም» አሉ እማሆይ ከኋላ፤ መቼ እንደመጡ አልታወቀም። «የእኔ ቤት ግን ለቅሶ ቤት አይደለም። ኑ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ከጠየቁ በእኔ ይሁን።»

የእማሆይ ቴሌቪዥን በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ዳንቴሉ ላይ ዳዊት ተቀምጦበታል። ዳዊቱን ተሳልመው አነሱት። ደመላሽ ፍላሹን ሰክቶ መስኮቱ ሥር መደቡ ላይ ተቀመጠ። ዘሪቱ ጋቢዋን አጥብቃ ደርባ ፊት ለፊት ሆነች።

ግራጫ ባሕር መጣ። መርከብ። ረጅም ካፖርት የለበሰች ሴት የመርከቡን ብረት ይዛ ወደ ታች ትጣራለች። ከአፏ የወጣው ድምፅ የዘሪቱ ነው።

«ልጄ! ደርብ እንጂ! ነፋሱ ከጮቄ ነው የመጣ፣ ደርብ!»

እማሆይ ሳቅ አመለጣቸው፤ አማተቡ። ዘሪቱ አልሳቀችም። ሴትየዋ ቀጠለች፣ «ስልክህን አንሳ፣ ውሃ ዳር አትቁም…» አለችና ድንገት ሳለች።

«ቆይ ደሜ። ጉሮሮዬ ያዘኝ። ውሃ አቀብለኝ።»

ቀጭን፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ቃሉን መጨረሻው ላይ የሚጎትት። ይሄ ነው። ዘሪቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። ይሄው ነው እኮ። እንዴት ጠፋኝ?

ቀረጻው ውስጥ በውጭ መንገዱ ባጃጅ ሲመጣ ተሰማ። «እስኪያልፍ» አለ ምስጋናው። ባጃጁ አለፈ። ሴትየዋ ያለ ድምፅ አፏን ታንቀሳቅሳለች። ሌላ ባጃጅ መጣ፤ ጡሩንባውን እየነፋ።

«ኧረ እነዚህ ዛሬ አያልቁም! ደሜ፣ መስኮቱን ዝጋው በቃ።»

«ከሰሉስ?» ይህ የደመላሽ ድምፅ ነው።

«ትንሽ ናት የቀረችኝ። ዝጋውና አንተ ሂድ፣ ይመሽብሃል። ለእማዬ ብቻ እንዳትነግርብኝ።» ሳቀ።

የእግር ኮቴ ተሰማ። እንጨት ከእንጨት ገጠመ። የመንገዱ ጫጫታ በአንዴ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የሴትየዋ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ምንም ያልነካው። ደመላሽ ተነስቶ አጠፋው። ተመልሶ እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

«መቁረጥ ሥራዬ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል። «ስህተቱን ሁሉ እኔ ነኝ የምቆርጠው። ይሄን ግን መቁረጥ አቃተኝ። የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ማዘር።»

እማሆይ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ዘሪቱ እንባው ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች፤ አልመጣም። ተነሳች። በደመላሽ ራስ ላይ እጇን ዘርግታ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ሳበችና ሁለቱንም መዝጊያ እስከ መጨረሻው ገፋችው። ነፋሱ ገባ። ከሱ ጋር አቧራው፣ የሚፈርሰው ድንኳን የብረት ድምፅ፣ በታችኛው መንገድ የሚያልፍ ባጃጅ።

«ኧረ ልጄ፣ ብርዱ ይገባል» አሉ እማሆይ ቀስ ብለው።

«ይግባ።»

ባጃጁ እስኪያልፍ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ ደመላሽ ላይ ጣለችበት፤ አንገቱ ሥር ነፋስ እንዳያስገባ ጫፉን ሸጎጠችለት።

«ደርብ» አለችው።