የሞይዱ ሽርጦች

ሱሐራ ሥጋው የሚሸጥ ዛጎል ለማርባት አርባ ገመድ የሰቀለችው ባሏ ሞይዱ ጥሏት እንዳይሄድ ነው። ዓሣው ከራቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የሞይዱ ታንኳም ባሕር ላይ ከምትውልበት አሸዋ ላይ የምትተኛበት ቀን በዝቷል። ሰውዬው ማንጋሎር ከተማ ሄዶ በትልቅ የዓሣ መርከብ ላይ ሊቀጠር ቆርጦ፣ ልብሱን በቢጫ ፌስታል ቋጥሮ ከበር ጀርባ ከሰቀለ ሰንብቷል።

"የዛጎሉ ግልገሎች ገመዱን ከያዙ እቀራለሁ" አላት። "ካልያዙ ግን እንዳታለቅሺብኝ።"

እንዲህ ይበል እንጂ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ባሕሩ ሲሸሽ እየጠበቀ ጥፍር የሚያካክሉትን ግልገል ዛጎሎች ከቋጥኙ ላይ የፋቀላት እሱው ነው።

ግልገሎቹ በገመዱ ዙሪያ ይደረደሩና በጨርቅ ተጠቅልለው ይሰፋሉ። ገመዱ ወንዙ ከባሕሩ በሚቀላቀልበት ቦታ ከቀርከሃ ቆጥ ላይ ይንጠለጠላል። ግልገሎቹ ከገላቸው በሚያወጡት ክር ገመዱን ቆንጥጠው ሲይዙ ጨርቁ በስብሶ ይወድቃል። ለዚህ ነው የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሲነኩት የሚቀደድ አሮጌ ጥጥ የምትመርጠው።

ሱሐራ ግን፣ አላህ ይወቅላት፣ ትንሽ ኩራት አለባት። "የኔዎቹን ቡትቶ አላለብስም" ብላ ወንድሟ ከዱባይ የላከላትን ባለ አበባ ጨርቅ ተረተረችው። ገመድ በመስቀል አሥር ዓመት ያስቆጠረችው ጎረቤቷ ቢያቱማ በአጥር በኩል አይታ፣ "ልትድሪያቸው ነው እንዴ?" ብላ ስቃ አለፈች። ጨርቁን ግን ቀርባ አልዳሰሰችውም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የሌሎቹ ጨርቅ ወድቆ አለቀ። የሱሐራ አበባ ግን እንደፈካ ነው።

ቢያቱማ ተጠርታ ከሱሐራና ከሞይዱ ጋር በታንኳ ወደ ቆጡ መጣች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ናይለን ነው። እኔና አንቺ ተቀብረን አፈር ስንሆን እንኳ አይበሰብስም።"

"ታዲያ ልቅደደዋ።"

"ቅደጂና እዪው።"

ቀደደችው። ለካ ግልገሎቹ ገመዱን ትተው ጨርቁን ነክሰው ኖሯል፤ አንድ እፍኝ ያህሉ ተነቅሎ ውኃ ውስጥ ገባ። ሞይዱ የሰመጠውን በዓይኑ ተከተለ። ሱሐራ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

"በምላጭ ቀስ እያልሽ ሰንጥቂና አላቅቂያቸው" አለች ቢያቱማ። "ከዚያ እንደገና በጥጥ ጠቅልያቸው። ዛሬውኑ ነው ታዲያ፤ ታፍነው መሽተት ጀምረዋል።"

"ጥጥ ከየት ይመጣል? የሰፈሩ አሮጌ ጥጥ ሁሉ ውኃ ገብቶ አልቋል።"

"እሱን እኔን አትጠይቂኝ።"

ሱሐራ ወደ ቤት ሄደች፤ ብዙም ሳትቆይ ነጭ ጨርቅ ታቅፋ ተመለሰች። ሞይዱ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በምላጭ ይሰነጥቃል፤ ሁለቱ ሴቶች ታንኳው ላይ ሆነው ይጠቀልላሉ፤ ይሰፋሉ። አሥረኛው ገመድ ላይ ሞይዱ እጁን ገታ አደረገ።

"ይሄን ጥለት የማውቀው ይመስለኛል።"

"እንዴት አታውቀው? ስትሰርግ የለበስከው ሽርጥ ነው።"

ሥራው ቀጠለ። ሃያ አምስተኛው ላይ እንደገና ቆመ።

"ይሄኛውስ?"

"የፌስታሉ ነው።"

"የማንጋሎሩን ፌስታል ፈታሽው?"

"ቋጠሮህ ላላ ያለ ነበር።"

"ስንት ሽርጥ ቀረኝ ታዲያ?"

"ያገለደምከው።"

ቢያቱማ መርፌዋን በጥርሷ ነክሳ ስለነበር መሳቅ አልቻለችም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጥጡ አለቀ፤ ሁለት ገመድ ግን ቀረ። ሱሐራ ባሏን አየችው። ቢያቱማም አየችውና፣ ጨዋ ሴት ናትና፣ ፊቷን ወደ ኮኮናቱ ዛፎች አዞረች። ሞይዱ እስከ አንገቱ ዝቅ አለ፤ ውኃው ውስጥ ጥቂት ታገለ፤ ከዚያም ውኃ የሚንጠባጠብበትን ሽርጡን ለሚስቱ አቀበላት።

"ሁለት ይወጣዋል" አላት። "ጠበቅ አድርገሽ ስፊው።"

ከአሥር ቀን በኋላ ጥጡ በስብሶ ወደቀ። ከአርባው ገመድ ዘጠኙ ባዶ ቀረ፤ ሠላሳ አንዱ ላይ ግልገሎቹ ይዘዋል። ሞይዱ አንድ በአንድ እየሳበ በመዳፉ ፈተሻቸው። ያገለደመው ከዱባዩ ጨርቅ የተረፈውን ነበር፤ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበትን።

መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ፣ "ማንጋሎር መቼ ነው?" ይለዋል።

"በዚህ ልብስ?" ይላል ሞይዱ። "እስኪያልቅ ልጠብቅ እንጂ። ቢያቱማን ጠይቋት፤ አይበሰብስም ብላለች።"